የጋሼ ዱቄት

«ሠላሳ አንድ ተኩል» አለ አባቷ፣ ሜትሩን ከውሻው ታፋ ላይ ሳይፈታ።

«አባዬ፣ እስቲ እንደገና ለካ። አጥብቀኸው ይሆናል።»

እንደገና ለካ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብበት «ይተንፍሱ ግድ የለም፣ ሱሪው ኋላ ያጋልጥዎታል» የሚል። ሜትሩ ያው ሠላሳ አንድ ተኩል አለ። ከስድስት ሳምንት በፊት ሠላሳ አራት ነበር።

የውሻው ስም ጋሼ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ፊቱ የተከበረ ሽማግሌ ይመስል ስለነበር ወጣለት። ጣጣው ደንበኞች አባቷንም «ጋሼ» ማለታቸው ነው። «ጋሼ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» ሲባል ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ብድግ ብሎ እየተንጎራደደ የሚወጣው ውሻው ነበር። አባትና ልጅም ቀልዱን አክርረው አንቱታ ሰጡት፤ «ጋሼ በሉ?»፣ «ጋሼ ተኙ?» ይባባላሉ። አሁን አሁን ግን ሲጠራ ጅራቱ ብቻ ወለሉን ሁለቴ ይመታል። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል።

ልጅቷን አባቷ «ቁልፌ» ይላታል፤ ሕፃን ሆና እንደ ካፖርት ቁልፍ ድቡልቡል ነበረች። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጋሼ በአንድ ዓመት ታናሿ ነው፤ በውሻ ዕድሜ ከተሰላ ግን የአያቷ እኩያ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀቶች ተሰክተዋል። በአንደኛው አባቷ በየሳምንቱ የታፋውን ልክ ይጽፋል። ያዘዘችው የእንስሳት ሐኪሟ ናት፤ «ውሻ ያመመውን እግር ሲቆጥብ ሥጋው ይከሳል። ሜትሩ ይነግረናል» ብላ። ሁለተኛው የቁልፌ ነው። በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ የመገጣጠሚያ ዱቄት ከምግቡ ጋር ደባልቃ ትሰጥና ምልክት ታደርጋለች። አርባ ሁለት ቀን፣ አርባ ሁለት ምልክት፤ እንደ ወታደር የተሰለፈ።

ከአርባ ሁለቱ እውነቱ አራቱ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ዱቄቱ ከዓሣና ከባሕር እንስሳት ቅርፊት የተሠራ ነው፤ ሽታው የተረሳ ካልሲ ነው፣ አይፈረድበትም። «ብሉ እንጂ ጋሼ፣ በሞቴ!» ብላ ለመነችው። አየት አደረጋትና አገጩን ወለሉ ላይ ጣለ። ትምህርት ቤት ረፍዶባታል፤ እሱን ጦሙን ጥላ መሄድ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። ምግቡን ደፍታ ዱቄት ያልነካው ስትሰጠው ሙልጭ አድርጎ በላ። «ለዛሬ ብቻ» አለች። በማግስቱም «ለዛሬ ብቻ» አለች። ከዚያ በኋላ ማለቱንም ተወችው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ማጠቢያው ውስጥ ትደፋለች፣ ውሃ ትለቅበታለች፣ ምልክቷን አድርጋ ትሄዳለች። አባቷ «ጋሼ በሉ?» ሲላት «ሳህኑን ልሰዋል!» ትላለች። መላሱንስ ልሷል።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግሩን አጠፍ ዘርጋ ስታደርግ ጋሼ አቃሰተ። ከዚያ ተነሥታ ወረቀቶቹን አየች።

«አንድም ቀን አልተዘለለም» አለች፣ ምልክቶቹን በጣቷ እየተከተለች። «ጎበዝ፣ እናቴ! ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን ሥራዬ በቀለለ ነበር።»

ቁልፌ የወደቀ ክር ለማንሳት ጎንበስ አለች። ቶሎ ቀና አላለችም።

«ታዲያ ለምን ይከሳል?» አለ አባቷ።

«ዱቄቱ አልያዘለትም ማለት ነዋ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ወስዶ ይህን ያህል ከወረደ... ጠንካራ ማስታገሻ እንዳልሰጠው ኩላሊቱ አይችልም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እየተሠቃየ ነው። ከፈቀዳችሁ ዓርብ መጥቼ እዚሁ በተኛበት በመርፌ አሳርፈዋለሁ። ሕመሙ አይሰማውም። ተመካከሩበት።»

ሐኪሟ ስትወጣ አባቷ ሥራውን አልቀጠለም። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከብረቱ ማስመሪያ ጋር አስተያየው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል። ተለጥጦ እንደሆነ ልይ ብዬ።» አልተለጠጠም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እንግዲያው ዓይኔ ነው። የመጀመሪያውን ተሳስቼ ጽፌው ይሆናል። ሠላሳ ሁለቱን ሠላሳ አራት ብዬ... በኔ ዓይን ነው ጋሼ የሚሞቱት?»

ቁልፌ አባቷ ልኩን ሲጠራጠር አይታ አታውቅም።

«አባዬ፣ አልተሳሳትክም። ምልክቶቹ ናቸው ውሸት።»

«የቱ ምልክት?»

«የኔ። ዱቄቱን አይበሉም ነበር። ሲራቡ ማየት አቃተኝና... ደፋሁት። ከአራት ቀን በቀር ሁሉንም።»

ጩኸቱን ጠበቀች። የጨርቁን መቀስ አንሥታ ወረቀት የቆረጠችበት ቀን ሰፈር እስኪሰማ ጮኾባታል። ዛሬ ግን ሜትሩን ጣቱ ላይ ቀስ እያለ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለ። ምነው በጮኸ አለች።

«ጋሼ የሚያማቸውን የሚናገሩበት አፍ የላቸውም» አለ በመጨረሻ። «አንቺን ነበር አፋቸው ያደረግንሽ።» ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ለዶክተር ንገሪያት። እኔ አልነግርልሽም።»

ነገረቻት።

«አልበላ አለ ብትዪኝ ኖሮ» አለች ሐኪሟ፣ «ለብ ባለ የሥጋ መረቅ ከቁንጣሪ ጀምሪለት እልሽ ነበር። ይለመዳል እኮ።»

«ቢወስዱት ኖሮ... ይሻላቸው ነበር?»

«አላውቅም። መድኃኒት አይደለም፣ የምግብ ማሟያ ነው፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም። ስድስቱ ሳምንት ያንን ለማወቅ ነበር። ዓርብ እመጣለሁ። መርፌውን አላመጣም፣ መጀመሪያ አየዋለሁ። ግን ተስፋ አልሰጥሽም፣ እናቴ። ለሱ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ብዙ ነው።»

ቁልፌ መረቁን አሞቀች። የዱቄት ቁንጣሪ በተነችበትና ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ከጋሼ ጎን ተቀመጠች። ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። አላነሳችበትም። ከላይ የስፌት መኪናው ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል። መረቁ ቀዘቀዘ። ተነሥታ አሞቀችውና ተመለሰች።

በሩ ተከፈተ። «ጋሼ፣ ጃኬቴ ደረሰ?»

ጅራቱ ወለሉን ሁለቴ መታ።

«ነገ» አለ አባቷ ከላይ። ድምፁ ቀጥኗል።

ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ጋሼ ለረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ አንዴ ላሳት፤ እንዳላስቀይማት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። መልሶ አገጩን ጣለ። ሌላ አልፈለገም።

ቁልፌ አዲስ ወረቀት ከአሮጌው አጠገብ ሰካች። አሮጌውን አላነሳችውም። ምልክት ለማድረግ እጇ ቃጣ፤ ተወችውና በደቃቅ ፊደል ጻፈች፦

«አንድ ጣት ላሱ።»