በቀንዱ ውስጥ የረጋው ደም

«ባላምባራስ ፈረደን እፉኝት ነድፎ ገደላቸው፤ ምንጣፋቸው ሥር የደበቀችውም ገረዳቸው ታንጉት ናት» የሚል መልእክት በ1962 ዓ.ም. ከሞጣ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። የመቶ አለቃ ሣህለ ማርያም በማግስቱ መጣ። ታንጉት ግንድ ላይ ታስራለች። የሟቹ ወንድም አካለ ወልድ የውስጥ እግሯን ገርፎ ገርፎ፣ አሁን ደግሞ ስለምትሰቀልበት ገመድ ያወራላታል። እንዲህ ያለ ጀግና!

ሣህለ ማርያም ሬሳውን አየ። ጀርባው ተለጥጦ፣ ጥርሱ ተነካክሶ ቀርቷል፤ ተረከዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ።

«ሲነደፉ ማን ነበር?»

«እኔ» አለች ሚስትየዋ ማናለሽ። «ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ጮኹ። እፉኝቱን እኔው ቀጠቀጥኩት።»

ዋግምት አጋሚው ወልደ ኪዳን ቀጠለ። «ከሁለት ሰዓት በኋላ ደርሼ አገምኳቸው።»

«ደሙስ?»

«ገና ከዋግምቱ ቀንድ ሳልደፋው እንደ ጉበት ረጋ። ይድናሉ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ማርከሻውን ቅጠል እኔ አመጣሁ፣ ማናለሽ ጨምቃ አጠጣችው» አለ አካለ ወልድ። «ወዲያው ተንዘፈዘፈ።»

ሣህለ ማርያም ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበና አንድ ኩባያ የቅጠል ጭማቂ ለአካለ ወልድ ሰጠው። «ከትናንቱ የተረፈው ነው። ጠጣ።»

አካለ ወልድ ግማሹን ጨለጠ። ማናለሽ ዝም ብላ አየችው።

«ለእርስዎም» አለ ኩባያውን ወደ ማናለሽ ዘርግቶ።

«አልጠማኝም።»

«አሁን የጨመቅኩት ነው፤ ምንም የለበትም። ግን ወንድምየው መርዝ ሲጠጣ እያዩ ዝም አሉ!» አለ ሣህለ ማርያም። «የሆስፒታል ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ በእፉኝት መርዝ ውስጥ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን አለ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ የደሙን ማርጊያ በአንዴ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ደም እንደ ውሃ ይፈሳል እንጂ አይረጋም። የባላምባራስ ደም ረግቷል፤ ስለዚህ እፉኝት አልነደፋቸውም። በተኙበት በወስፌ ወግተው፣ የሞተ እፉኝት አጠገባቸው ጣሉ። የገደላቸው ማርከሻው ውስጥ የጨመሩት የጅብ መርዝ ነው፤ ጀርባ የሚለጥጥ፣ ጥርስ የሚያነካክስ እሱ ነው።»

ማናለሽ አልካደችም። «ባሌ ሲጠጣ መረቀኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ይህችን ገረድ ሊያገባ፣ እኔን ሊፈታ ነበር። እሱ ሲሞት እሷ ትሰቀል ነበር።»

ታንጉት ገመዱ ሲፈታላት መቆም አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እሜቴ» አለች፣ «እኔኮ እምቢ ብያቸው ነበር።»