መዘውር መሰላል ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?

ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ የተከፈተ መሰላል ቆሟል። ከመሰላሉ በላይ የቀረጻ መብራት ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ከሟቹ ራስ ሥር ደግሞ የአሮጌ ስፌት መኪና የብረት እግር አለ። በመስኮቱ በኩል መንገደኞች ተደራርበው አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «አምፖል ሊቀይር ወጣ፣ እግሩ ከዳው። ወይም...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቪዲዮ ቻናሉ ተዘግቶበት ነበር አሉ። ተስፋ ቆርጦ ይሆናል።»

«ተስፋ የቆረጠ ሰው እዚህች መሰላል ላይ ወጥቶ ይወረወራል? ከእኔ ቁመት እኮ አትበልጥም» አለች መርማሪዋ።

መርማሪዋ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። እግሯ ካልተንቀሳቀሰ ሐሳቧም የሚቆም ይመስላታል። ክፍሉን ዞረች፤ ተመልሳ ዞረች። በመደርደሪያው ላይ መዘውሮች፣ ቀበቶዎች፣ የመርፌ ሣጥኖች በወጉ ተደርድረዋል። ማብሪያውን ተጫነችው። የቀረጻው መብራት ቦግ አለ።

«ይኸው፣ ደህና ነው» አለች።

«ቀይሮት ይሆናላ!»

«አሮጌው አምፖል የታለ ታዲያ?»

ሳጅኑ ወለሉን ቃኘ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠ። ምንም የለም። እሷ ግን ተንበርክካ ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ አንድ ማኅደር አወጣች። ውስጡ መነጽር በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ሟቹን ሰፈሩ «መዘውር» ይለዋል። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ቤት ውስጥ የተቀመጠ መኪና ሁሉ እንዲነሣ ብሎ ሙያውን በቪዲዮ ያስተምራል። ተከታዮቹ ጥቂት ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን የልብ ነበሩ።

ታላቅ እህቱ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ከሥራ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«መነጽሩን ሁልጊዜ ያደርጋል?» አለቻት መርማሪዋ።

«ለሥራ ብቻ። ሩቁን ጥሩ አድርጎ ያያል፤ ቅርቡን ግን ያለ መነጽር የራሱን ጣት አይቆጥርም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «የቪዲዮው ኩባንያ ሰዎች ሌባ አሉት እኮ! የገዛ ቪዲዮውን ‹ጥገና በደቂቃ› ከሚባል ቻናል ሰረቅህ ብለው ዘጉበት። ስንቴ ጻፈላቸው! ‹ጉዳይዎን በጥንቃቄ ተመልክተን ውሳኔው ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል› ይሉታል። የተመለከተው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ገና ልኮ ጣቱን ሳያነሣ ነው መልሱ የሚመጣው።»

«‹ጥገና በደቂቃ› የማን ነው?»

«የቱርቦ ነዋ፣ ቪዲዮውን እየቀዳ የሚያወጣው! ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል?»

በማግሥቱ ጠዋት ቱርቦ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ግድግዳውን በቀለም መብራት ባጥለቀለቀ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተገኘ። በሩን የከፈተው ሰንሰለቱን ሳያላቅቅ ነው።

«ፖሊስ ከሆኑ ይግቡ። የመዘውር ተከታዮች ከሆኑ ግን ስድቡ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ።»

«ቪዲዮውን ትቀዳ ነበር?»

«አልዋሽዎትም፣ እቀዳ ነበር። አፍጥኜ፣ ሙዚቃ ጨምሬ አወጣለሁ። ግን የእኔንም አወረዱት! እኔም ያው ከ‹ጥገና በደቂቃ› ሰረቅህ ነው የተባልኩት። እኔ ደግሞ ቻናሉ የመዘውር መስሎኝ ስረግመው ከረምኩ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ። ሰባት ሰው አይቶኛል።» ፊቱ ቀላ። «አንዷ እናቴ ናት።»

የመዘውር ኤዲተርና የልብ ጓደኛ የሚሠራው ከማተሚያ ቤት በስተጀርባ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች፣ የደፈረሰ ዐይን፣ የተነካከሰ ጥፍር። መርማሪዋ ቁጭ በይ ብትባልም በመስኮቱና በበሩ መካከል ተመላለሰች።

«ወርክሾፑን ካየሁት ሰንብቻለሁ» አለ። «ሜሞሪውን እህቱ ታቀብለኛለች፣ ቆርጬ ቀጥዬ እጭናለሁ። እሱን የገደለው ያ ኩባንያ ነው። ተመልካቾቹም እፎይታ አልሰጡትም። ያ ጡረተኛ ሹፌር እንኳ ቤቱ ድረስ መጥቶ ራሱን ሲያዞረው...»

መርማሪዋ መመላለሷን አቆመች። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ቀጠለች።

ሹፌሩን ማፈላለግ አላስፈለጋትም። ወሬውን ሰምተው በራሳቸው ጊዜ ወደ ጣቢያው መጡ። ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ጻፍኩ፣ ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ጠፋ። ያ ማሽን እኔን ምን ብሎ እንደሚጠረጥረኝ አላውቅም። ዋና ነገር ስለሆነብኝ ሰው እየጠየቅኩ ቤቱን አገኘሁት። ከዚያ በፊት ደጁንም አላውቀው።»

«ምን ነገሩት?»

«በ‹ጥገና በደቂቃ› ላይ ያንኑ የእሱን ትምህርት አየሁ። መሐል ላይ አንዲት ሴት ‹አንተ ሰው፣ ምሳህ ቀዘቀዘ!› ብላ ትጮኻለች። በእሱ ቻናል ላይ ያየሁት ግን ይሄ ጩኸት የለውም። ይህንኑ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ፊቱ አመድ መሰለ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ‹ስልክ አልደውልም፤ ዐይን ዐይኑን እያየሁ ነው የምጠይቀው› አለኝ። ማንን እንደሆነ ሳይነግረኝ በሩን ከፈተልኝ። እኔም ወጣሁ።»

«ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን ልንገር? ባለቤቴ እንኳ የሄድኩት ለመድኃኒት መስሏታል።»

በማግሥቱ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እህቲቱ በባዶው የወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቱርቦ በሩን ተደገፈ፤ ሹፌሩ ከእሱ ራቅ ብለው ቆሙ። ኤዲተሩ ሞባይሉን ያወጣል፣ ያያል፣ ይመልሳል። መርማሪዋ በመሰላሉ ዙሪያ መዞር ጀመረች።

«መዘውር መሰላል ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? መብራቱ አልተበላሸም። የተቀየረ አምፖል የለም። ይሁን፣ አንድ ነገር ሊያስተካክል ነው እንበል፤ መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው። የራሱን ጣት የማይቆጥር ሰው ሽቦ በዳበሳ አይነካም። ስለዚህ መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም እሱ ከወደቀ በኋላ።»

«ቱርቦ!» አለች እህቲቱ ብድግ ብላ።

«ይቀመጡ። ቱርቦ የሰረቀው ወጥቶ ያየውን ነው። ‹ጥገና በደቂቃ› ግን የእርስዎን ድምፅ ጭምር ይዟል። የምሳው ጩኸት ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ተቆርጦ ነበር። ያልተቆረጠው በማን እጅ ያልፋል?»

እህቲቱ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች። «በእኔ እጅ» አለች። «ከዚያ... በእሱ።»

«እርስዎ በዚያ ከሰዓት ከመድኃኒት ቤቱ አልተነሡም፤ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ አይተዋል። አንተስ?» ኤዲተሩ ፊት ቆመች። «እዚህ ከመጣሁ ሰንብቻለሁ ብለሃል።»

«አልመጣሁም።»

«ታዲያ አባባ እዚህ መምጣታቸውን ማን ነገረህ? የመጡት በሞተበት ቀን ነው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። መዘውር ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፤ ስልኩን አይተናል። እሳቸው ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም። ማወቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መዘውር ዐይን ዐይኑን እያየ የጠየቀው።»

ኤዲተሩ ቱርቦን አየ። ቱርቦ እጁን አወናጨፈ፤ «እኔን ምን ታየኛለህ!»

ኤዲተሩ መናገር ሲጀምር ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ስንት ዓመት ቆርጬ ቀጠልኩለት፣ ማንም አላየውም። ለሙከራ ብዬ ‹ጥገና በደቂቃ›ን ከፍቼ አንዱን እንዳለ፣ ሳልነካካው፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ የሚጮህበት ፎቶ ለጥፌ ጫንኩት። ሕዝብ ጎረፈ! ያው ትምህርት፣ ያው እጅ! ከዚያማ ሁልጊዜ ቀድሜ እጭን ጀመር። የእሱን ያዘጋሁት እኔ አይደለሁም። የኩባንያው ማሽን ቀድሞ የተጫነውን አይቶ ራሱ ነው ሌባ ያደረገው።»

«አንዲት ቃል ብትናገር ይመለስለት ነበር?»

«ይመለስ ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተከታዮቹ የእኔ መሰሉኝ።» ጥፍሩን ወደ አፉ ወሰደ፤ መለሰው። «እንዲያው ላየው ስመጣ ሹፌሩ የነገሩትን ነገረኝ። ኮሌታዬን ያዘኝ፤ ገፈተርኩት። ለመግደል አልነበረም፣ በፈጠረኝ!»

«አምንሃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ግን ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል። መሰላሉን ከጓዳ ስትጎትት ይተነፍስ ነበር?»

ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ያቃስት ነበር» አለ ኤዲተሩ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

እህቲቱ ተነሥታ ደረቱን በሁለት እጇ መታችው። «ከእኛ ማዕድ በልተህ! አንተ! አንድ ሰው ብትጠራ ምን ነበረበት? እኔን ብትጠራኝ!» ሳጅኑ ገባና ለያቸው። ኤዲተሩ እጁን ከመታሰሩ በፊት መርማሪዋ ሞባይሉን አስከፍታ ቪዲዮዎቹ የእሱ አለመሆናቸውን በራሱ ጣት ለኩባንያው አስጻፈችው። ቱርቦም ሳይጠየቅ የቀዳቸውን ከቻናሉ ሲያጠፋ ዋለ።

ቀብሩ አለፈ። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ። አንድ ቀን ጠዋት እህቲቱ ወደ መርማሪዋ ቢሮ መጥታ የወንድሟን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህን ያንብቡልኝ። እኔ በትክክል ያነበብኩ አልመሰለኝም።»

መርማሪዋ አነበበች። «እንኳን ደስ አለዎት! ቻናልዎ ተመልሷል። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን ድንቅ ሥራዎን እንዲቀጥሉ እናበረታታለን።»

«ይህችን ሲጠብቅ ነው የሞተው» አለች እህቲቱ። «ምን ብዬ ልመልስ?»

መርማሪዋ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ አልተመላለሰችም። እህቲቱ ስልኩን አነሣች፤ በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች «ሞቷል» ብላ ጻፈችና ላከች።

ስልኩ ቦርሳዋ ሳይገባ ጮኸ። «ይህ መልእክት በማሽን የተላከ ነው። እባክዎ መልስ አይጻፉ።»