የተለቀሰለት ኮት

እኔ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር አላምንም፣ ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጠጥቶ እንደነበር ነው። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ፈገግ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ አስጨርሱኝና ሳቁ።

ነገሩ ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። በደርግ መጨረሻ አካባቢ ጨርቅና መንጠቆ ይዤ በባሮ ወርጄ፣ በማታር አልፌ ሱዳን ገባሁ፣ ለሁለት ወር ብዬ የወጣሁት ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶብኝ ካርቱም ላይ ስድስት ዓመት ሆነ። ድንበሩን እንደተሻገርኩ ናስር ላይ ልሳፈርባት የነበረች ጀልባ ተገልብጣ ሰው አልቋል፣ እኔን ያተረፈኝ ከባለጀልባው ጋር በዋጋ ስከራከር ጥላኝ መሄዷ ነው። ቤቴ የደረሰው ግን የጀልባዋ ወሬ እንጂ የክርክሩ አይደለም፣ የላክኋቸው ደብዳቤዎችም የት እንደቀሩ እግዜር ይወቅ።

በመተማ ዞሬ፣ በጎሬ ወርጄ ስመለስ ከተማው ተቀይሯል፣ በየበሩ አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል፣ ድሮ ከኔ መንጠቆ ይገዛ የነበረው ዓሣ አጥማጅ ኃላፊ ሆኖ በጸሐፊ በኩል ካልሆነ አይገኝም። እኔ ደግሞ ሰላምታዬ ዐረብኛ፣ ሻዬ ስኳር ብቻ፣ አልጋዬን ደጅ ካላወጣሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሆኛለሁ። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። አልለመድ ያለኝ ቤቴ ነው።

ባለቤቴ አስናቀች ለቅሶዬን ጨርሳ፣ ተዝካሬን አውጥታ ነው የደረስኩት። ሬሳ ስላልነበረ የተለቀሰው በኮቴ ነው፣ ግራጫ ኮት ነበረችኝ፣ በጋምቤላ ሙቀት የምትለበስ አይደለችም፣ ለሰርግና ለፍርድ ቤት ብቻ ነበር የማወጣት። ለቀስተኛው እሷን እያየ ደረቱን ከመታ በኋላ፣ አስናቀች ለሰው መስጠቱ አልሆንላት ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አስቆፍራ ቀበረቻት። ስመጣ ጮኸች፣ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ሆነ። ከዚያ ግን እንደ እንግዳ ታስተናግደኝ ጀመር፣ ጥሩው ብርጭቆ ለኔ፣ ጥሩው ወንበር ለኔ፣ የጓዳው በር ሲገነጠል እንኳ «ተወው፣ ሰው እጠራለሁ» አለችኝ። እመኑኝ፣ ስድብ የሚሻለው መስተንግዶ አለ።

በመጣሁ በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በረንዳ ተቀምጬ ራዲዮ እጎረጉራለሁ፣ እስከዚያ ቀን ወዳጅ ዘመድ ስጠይቅ እየዋልኩ በዚያ ሰዓት ቤት ተገኝቼ አላውቅም። ጎረምሳ ሳለሁ የጆንያ ቁልል ወድቆብኝ ግራ እግሬ ይጎተታል፣ የሚያውቀኝ ሰው አረማመዴን ሰምቶ ይለየኛል። ያንን ድምፅ ሰማሁት። እኔ ተቀምጫለሁ፣ እግሬ በመንገድ ይመጣል። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ሳል፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮ መጥረግ፣ የገዛ ራሴ ሳል።

አስናቀች ከጓዳ ሳትወጣ «መጣህ? ዛሬስ ቆየህ» አለች። ከተመለስኩ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው፣ የድሮው፣ ግማሹ ቁጣ ግማሹ ሳቅ።

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ» አልኳት።

ውሃ በጣሳ ይዛ ወጣች፣ እኔን አየች፣ የግቢውን በር አየች፣ ፊቷ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ሆነ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ካንተ ጋር ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ሱቅ በምትዘጋበት ሰዓት ትመጣለህ። አትገባም። ውሃውን በሩ ሥር አስቀምጥልሃለሁ፣ ጠዋት ጣሳው ባዶ ነው። ይኸው ስድስት ዓመት።»

ራዲዮኑን ጥዬ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ግራጫ ጀርባ አየሁ፣ በዚያ ሙቀት ኮት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሌባ ቆፍሮ አውጥቷት ነው የሚል ነው፣ ግን የሌባው እግር ለምን እንደኔ ይጎተታል? እኔ መሮጥ አልችልም፣ እሱም አይሮጥም፣ እኩል ስለምንጎትት መሀላችን ያለው ርቀት አልጠበበም፣ አልሰፋም። ወደ ባሮ ወረደ። ወንዙ ዳር ስደርስ ከጋትሉዋክ በቀር ማንም የለም። ጋትሉዋክ የድሮ ወዳጄ፣ ኑዌር ባለታንኳ ነው፣ አማርኛ የተማረው እኔ ሱቅ በር ላይ ስለሆነ ክርክር ይችላል።

«አንተ ምንድነው?» አለኝ ታንኳውን እያሰረ። «አሁን አለፍክ፣ ማሌ ብዬ ሰላም አልኩ፣ ዝም። ኮት ለብሰህ ትልቅ ሰው ሆንክ? ደግሞ በሸሚዝ መጣህ።»

«የት ሄደ?»

«ማን?»

«ያ... እኔ።»

አልሳቀም። ያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ጋትሉዋክ በሁሉም ነገር የሚስቅ ሰው ነው። ገመዱን ትቶ ተቀመጠ።

«እኛ ጋ» አለ «ሰው ሞተ ተብሎ ሥርዓቱ ከተደረገ፣ በኋላ በእግሩ ቢመጣ ሥጋው መጣ እንላለን። ነፍሱን ሸኝተናል፣ ተቆርጧል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ማንም አይነካውም። ግን ከሰው አይቆጠርም።»

«አንተ ቸርች ትሄድ የለም እንዴ?»

«እሁድ እሄዳለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቅ። ያለቀሰችው እሷ ናት። የትኛው ይቀመጥ? እሷን ጠይቅ።»

በሕይወቴ ከብዙ ሰው ጋር ተደራድሬአለሁ፣ በሚስቴ ጉዳይ ከራሴ ጋር ስደራደር ግን የመጀመሪያዬ ነው። «ነገ ሲመጣ» አልኳት ማታውን «ወይ ግባ በይው፣ እኔ ጓዜን ይዤ እወጣለሁ፣ ወይ ውሃውን አታውጪለት።» በማግስቱ ጠዋት ኮቷ የተቀበረችበትን ሄጄ አየሁ፣ አፈሩ አልተነካም፣ ሣር አብቅሏል።

አሥር ሰዓት ላይ ሁለታችንም በረንዳው ላይ ተቀመጥን፣ ጣሳው ጓዳ ቀርቷል። መጣ። ረገጠ፣ ጎተተ፣ ሳለ። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፣ ማዶው አይታይም፣ ከሥር ባለው ክፍተት ግን የቆመ ሰው ጥላ አየሁ። አስናቀች የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ይዛለች፣ እጇን ልይዝ ፈልጌ አልደፈርኩም። እሱ ጠበቀ። ደግሞ ሳለ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው። ከዚያ እርምጃው ወደ ወንዙ ወረደ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አስናቀች ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀመጠች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ማን ሞተ ሲሏት «ሩቅ አገር የነበረ ዘመድ» አለች፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሶዋ አላናገራትም። እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ያኔም እንዲህ ነበር ያለቀስሽልኝ ብዬ ልጠይቃት አስቤ አፈርኩ። ሴቶቹ እሷን ከበቡ፣ ወንዶቹ ከኔ ጋር ተቀመጡ፣ ጋትሉዋክም መጥቶ አጠገቤ ዋለ።

ሲወጡ አንድ በአንድ እየጨበጡኝ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ፣ አሜን እያልኩ ሸኘኋቸው። መጨረሻ የወጣው ጋትሉዋክ ነው። እጄን ይዞ ቆየ፣ መዳፌን ገለበጠው፣ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ነካው።

«ይሞቃል» አለኝ።

ሊያጽናናኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ማረጋገጥ ለምን እንዳስፈለገው ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።