ሹፌሮች ሁሉ የሚያውቁት ተማሪ

ሦስተኛውም የትራም ሹፌር ሴቬሪንን ሲያይ ለሰላምታ እጁን አነሣ።

ሴቬሪን፣ እህቱና ወላጆቻቸው የፖላንዷ ፖዝናን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ቆመዋል። እናትየው እጀታው ሊበጠስ የደረሰ ከረጢት ይዛለች፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ውስጡ ያሉት የመስታወት ብልቃጦች ይንቃጨላሉ። ጎምዛዛ ጎመን በሥጋ፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ሞራ የለበሰ የጎድን አጥንት። የከተማ ልጆች ከክፍለ ሀገር የመጣን ተማሪ «ብልቃጥ» እያሉ የሚያሾፉበት በእንዲህ ዓይነት እናቶች ምክንያት ነው።

«አየሽ ቦግና?» አለ አባቷ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ተማሪ የሚከበርበት ከተማ ማለት ይሄ ነው! እኔ ክሮቶሺን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ ሹፌር እጁን አንሥቶልኝ አያውቅም።»

«አንዴ አንሥቶልሃል» አለች እናቷ። «በትራክተር መንገድ የዘጋህበት ቀን። ቡጢ ጨብጦ ነበር እንጂ።»

ወንድሟ ሴቬሪን ጉሮሮውን ጠረገ። «የከተማው ልማድ ነው» አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

ቦግና ግን ከጎናቸው የቆሙትን ሰዎች አየች። ጺሙ እስከ ሆዱ የወረደ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ፕሮፌሰር ቢባል ማንም አይጠራጠርም። እጁን ያነሣለት ሹፌር የለም።

የዛሬው የቅዳሜ ጉብኝት ፈተናው የሴቬሪን፣ ውጤቱ የሷ ነበር። ቦግና ስምንተኛ ክፍልን እያጠናቀቀች ነው፤ ፖዝናን መጥታ፣ አዳሪ ሆና ሁለተኛ ደረጃ መማር ትፈልጋለች። ማመልከቻው ሰኞ ይገባል። አባቷ ደግሞ «ከተማው ወንድምሽን ምን እንዳደረገው በዓይኔ ልይና ቅዳሜ ምሳ ላይ ቃሌን እሰጥሻለሁ» ብሏታል። እሱ የትራክተር መካኒክ ነው፤ ሳይከፍት የሚያምነው ነገር የለም።

ትራም ውስጥ ሴቬሪን ድንገት ሌላ ሰው ሆነ። አባቱ ይህ ሁሉ ብረት እንዴት እንደሚቆም ሲጠይቀው ዓይኑ በራ። «መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ካልበቃ የፍሬን ዲስኩ አለ። የባሰ ከመጣ ማግኔቱ ወርዶ ሐዲዱ ላይ ይለጠፋል። ሲዘንብ ደግሞ ከመንኰራኵሩ ፊት አሸዋ ይረጫል።»

«ይሄን ሁሉ ጂኦግራፊ ክፍል ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ነው አባዬ።»

በእርግጥም ሰፊ ነበር። በከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ሞራስኮ ሰፈር ሲወርዱ፣ ግቢው በየሜዳው ተበትኖ ጠበቃቸው። የእንግዶች ቀን ስለነበር በየበሩ ቢጫ ካናቴራ የለበሱ ተማሪዎች ቆመው ይጣራሉ። ሴቬሪን በልበ ሙሉነት ቤተሰቡን እየመራ ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ወሰዳቸው።

«ይኸው! የኔ ክፍል!»

በሩ ላይ «ፊዚክስ» ይላል።

«እድሳት ላይ ስለሆነ...» ብሎ ሳይጨርስ ባለ ቢጫ ካናቴራዋ ልጅ ደረሰችለት። «ጂኦግራፊ ነው የምትፈልጉት? በዚያ ዞራችሁ ቀጥ በሉ። አይዞህ፣ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይጠፋዋል!»

ሴቬሪን ግን ሦስተኛ ዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። እናቱ ሳቀች። አባቱ ግን የግቢውን ስፋት ነበር የሚለካው። «ክሮቶሺን ከነዶሮዋ ብትመጣ ትገባለች» አለ። ልጅቷም ተማሪው በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር፣ ሌሎቹ ክፍሎች መሀል ከተማ እንዳሉ፣ ጥቅምት ሲመጣ ትራሙ ውስጥ መቆሚያ እንደሚጠፋ እየነገረቻቸው እስከ ጂኦግራፊ በር ሸኘቻቸው።

ውስጥ ከሰማይ የወደቀ ብረት ለእይታ ተቀምጧል። እናትና አባት እሱን ከበው ሲከራከሩ ቦግና ወንድሟን በክንዱ ይዛ ደረጃ ሥር ወሰደችው።

«ነቄ ነኝ» አለችው። «ትራም ነጂ ነህ።»

«ቀስ በይ እንጂ!»

«ሹፌር ለሹፌር ነው እጅ የሚያነሣው። መቼ ተባረርክ?»

«አልተባረርኩም፤ ስሜን ሰረዙት። ሁለት ፈተና ወደቅኩ።»

«አሃ! ትልቅ ልዩነት አለው!»

«ሙድ አትያዢብኝ። ካለፈው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ነው የምነዳው።» ወደ ወላጆቹ አየት አደረገ። «ስሚኝ፣ እስከ ምሳ ብቻ ዝም በይ። አባዬ ቃሉን ይስጥሽ፣ ማመልከቻሽም ይግባ። እኔ ለገና እነግራቸዋለሁ።»

«ለየትኛው ገና?»

ሴቬሪን የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ጎተተ።

«ሥራውን ትጠላዋለህ?» አለችው።

«ምን ሲደረግ!» ፊቱ ፈካ። «ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያውን ጉዞ ስወጣ ከተማው የኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ። ደግሞ በቅዳሜና እሑድ የሚሰጠውን ትምህርት ዘንድሮ ልመዘገብ ነው። የጠፋኝ ለአባዬ የምነግርበት አፍ ነው።»

ምሳውን የተማሪዎቹ ካፌ በሉ፤ የተቀቀለ ድንች በነጭ አይብ። አባቷ እንፋሎቱ ገና የሚወጣውን ድንች እያማሰለ፣ ሲደሰት እንደሚያደርገው በአፍንጫው ያዜማል። ከዚያ ሹካውን አነሣ።

«በቃ፣ ወስኛለሁ። ይሄ ከተማ ልጅ አያበላሽም። ሴቬሪንን አይቻለሁ፤ ረጋ ያለ፣ ያወቀ ልጅ ሆኗል። ቦግና...»

ይህን ንግግር ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። የአዳሪ ቤቱን አልጋ እንኳ በሐሳቧ በመስኮቱ በኩል መርጣለች። አሁን ግን በዚያ መስኮት ሥር ትራም ሲያልፍ ታያት። በየሳምንቱ ከቤት ስልክ ሲደወል «ሴቬሪን እንዴት ነው? ትምህርቱስ?» ይባላል፤ እሷም «ጥሩ ነው» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ። ወንድሟን አየችው፤ ድንቹን እየቆረጠ፣ የቆረጠውን መልሶ ይቆርጣል።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች። «ቃልህን አሁን አትስጠኝ።»

እናቷ መጠጣቷን አቋረጠች። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማ የቦግናን ቁርጭምጭሚት መታት።

«ምን ሆንሽ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽው?»

«ነኝ። አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ሴቬሪን የሚነግርህ ነገር አለው። እሱን ሰምተህ ከዚያ በኋላም እሺ ካልከኝ፣ ያኔ ስጠኝ።»

ወንበሯን ጎትታ ዞረችና ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። ሴቬሪን ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ቢላዋውን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«አባዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እንዳታቋርጠኝ ብቻ።»

አባቷ አንዱን ልጅ አየ፤ ሌላዋን አየ። አልተቆጣም፤ ገና አልተቆጣም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ሰው ሁሉ «ይሄ አበቃለት» ያለውን ሞተር አስነሥቶ ድምፁን ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው።