መድኃኒት ክፍሉ

ሟቹ የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ ገንዳው ሊከፈት በነበረበት ሰዓት ነው። ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ አንድ እጁን ወደ እጀታው ዘርግቶ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ሠራተኞቹ ክፍሏን «መድኃኒት ክፍል» ይሏታል፤ የመዋኛውን ውሃ የሚያጠሩት ክሎሪንና አሲድ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሟቹን ደግሞ «ጋሽ ውሃ» ይሉት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሕዝብ ገንዳ ሲንከባከብ የኖረ ሰው ነው።

የጣቢያው ፖሊስ ነገሩን በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። ሰውዬው ክሎሪን ያለበት ታንከር ውስጥ አሲድ ጨምሯል፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ታፍኖ ሞቷል። አደጋ ነው። ወረቀቱ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር።

ማኅተሙን ያስቀረችው ልጁ ናት። በዚያው ገንዳ በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለች። ማክሰኞ ጠዋት ወንጀል ምርመራ ቢሮ ገብታ፣ ተቀመጪ ሳይሏት፣ ቆማ ተናገረች።

«አባቴ አይሳሳትም። ሰው ነው የገደለው። ማን እንደሆነ ንገሩኝ።»

«ለምን አይሳሳትም?» አለቻት መርማሪዋ።

«አይሳሳትም።»

«ይኼ ማስረጃ አይደለም። ፍቅር ነው።»

«እሺ፣ ፍቅር ይሁን። ይመጣሉ አይመጡም?»

መርማሪዋ ሰው ሲለማመጣት የሚሰለቻት ሴት ናት። ይህቺ አልተለማመጠቻትም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

ገንዳው ጭር ብሎ ነበር። ለሁለት ቀን ያልታከመው ውሃ ወደ አረንጓዴነት መሄድ ጀምሯል። ግድግዳው ላይ «የታችኛው ክዳን ካልታየ ማንም አይግባ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በጥልቁ በኩል ወለሉ ላይ ያለው የማፍሰሻ ክዳን ማለት ነው። ዛሬ ክዳኑ አይታይም።

ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ መጣ።

«እኛ እንኳን ሁላችንም ሐዘን ላይ ነን፣ እመቤቴ...»

«ሐዘንዎን አልጠየቅሁም። የመድኃኒት ክፍሉ አየር ማውጫ ለምን አይሠራም?»

«ማነው አይሠራም ያለው?»

«ሸረሪቷ። ክንፉ ላይ ቤቷን ሠርታለች። በሚዞር ነገር ላይ ሸረሪት አትኖርም።»

«ሞተሩ ከተቃጠለ ስምንት ወር ሆኖታል። ደብዳቤ ጽፌያለሁ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«መጣላት አይባልም! ቅዳሜ ዕለት ደርሶ ውሃው ደፍርሷል፣ ክዳኑ አይታይም፣ ይዘጋ አለኝ። ሕዝቡ እስከ መንገድ ተሰልፎ! ራሴ ሄጄ አየሁት። የክዳኑን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። ሰውዬው በዕድሜው መጨረሻ ነገር ፈላጊ ሆኖ ነበር፣ ይማረውና።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችና ጥላው ሄደች።

ቀጥላ ያነጋገረችው የዋና አሠልጣኟን ነው። ከአንገቷ ስለማይጠፋው ፊሽካ ሁሉም «ፊሽካ» ይሏታል፤ እሷም ለምዳዋለች።

«አልወደውም ነበር፣» አለች ፊሽካ። «ሞተ ብዬ አልዋሽም። የመድኃኒቱ ሽታ ወደ ሕፃናቱ ገንዳ እየመጣ ዓይናቸውን ያቃጥል ነበር። ስነግረው ‹የምን ሽታ?› ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ክሎሪን የማገ አፍንጫ ምን ይሸተዋል? በሩ ራሱን እንዲዘጋ ስፕሪንግ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ አመንኩ፤ እሰሪኝ።»

«ካቴናዬን ቢሮ ረስቼዋለሁ። ቅዳሜ ውሃው እንዴት ነበር?»

«እንደ መስታወት። ሥራውንማ ያውቃል፤ ይኼን አልነፍገውም። ልጁንም ይወዳል። ጠዋት ጠዋት የውሃ መመርመሪያውን ብልቃጥ ይዞ መስኮቷ ድረስ ይሄዳል። ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ። የብልቃጡን ቀለም አብረው ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ አባቴን በዓመት አንዴ ባየው ነው፤ ቀናሁባቸው።»

ነፍስ አዳኙ በትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። በገንዳው ደንብ መሠረት መድኃኒት ብቻውን የሚቀዳ ሰው የለም፤ አንዱ ሲቀዳ ሌላው በሩን ከፍቶ ይዞ ይቆማል። የሚቆመው ነፍስ አዳኙ ነው፤ ለመቆሙም መዝገብ ላይ ይፈርማል።

«ሰኞ በሰዓቴ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣» አለ። «ከዚያ ጠሩኝና ሄድኩ። ፊርማዬ አለ።»

«አለ። የሐሙስም አለ።»

«እ?»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። አንተ ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ እንደቆምክ ፈርመሃል። ነቢይ ነህ እንዴ?»

ትልቁ ሰው እንደ ተማሪ አቀረቀረ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣውን ሳምንት በአንዴ ነው የምንፈርመው። ሁላችንም። ከዱሮ ጀምሮ ነው። ሰኞ የመጣሁት አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ነው።»

«ሟቹ አይቆጣህም?»

«ጋሽ ውሃ? እሱ ራሱ ‹ተኛ ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ይሻለኛል› ነበር የሚለኝ። ደግ ሰው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነፍስ አዳኙ አሰበ። «ከ... ሰባት ወር ይሆናል።»

መርማሪዋ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ሃያ ደቂቃ ቆየች። የመከላከያ ጭምብሏን አድርጋ፣ በሩን በድንጋይ አስደግፋ። ሁለት ሰማያዊ ጀሪካኖች አሉ፤ መጠናቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። አንዱ በግድግዳው በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል። በሁለቱም ላይ መዳፍ በሚያክል ቀይ ፊደል ይዘታቸው ተጽፏል፤ ቀለሙ ገና በጥፍር ይላጣል። ታንከሮቹ ጎን ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ገፋ አደረገችና የተቀመጡበትን ሲሚንቶ በጣቷ ዳበሰች።

ስትወጣ ወደ ቲኬት መስኮቱ ሄደች። ከመስኮቱ በላይ የመዋኛ ሰዓቶቹ በቀይ ቀለም፣ በእጅ ተጽፈዋል። ለረጅም ጊዜ አነበበችው። የውሃ ምርመራ መዝገቡንም አስመጣችና አንድ ዓመት ወደኋላ ገለጠች። ከዚያ ልጅቱን ፈልጋ አገኘቻት።

«ስሙን የግድ ትፈልጊያለሽ?»

«የግድ።»

«ባይመችሽስ?»

«እንዲመቸኝ አይደለም የመጣሁት።»

«አንድ ዕድል ልስጥሽ። ፖሊሱ የጻፈውን ወረቀት ማኅተም ላድርግበትና ልሂድ።»

«ፈሩ?»

መርማሪዋ አየቻት። «ሁሉንም ጥሪያቸው፣» አለች።

በገንዳው ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊሽካ፣ ነፍስ አዳኙ፣ ልጅቱ። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«አጭር አደርገዋለሁ። መጀመሪያ፣ ተንኮል ነው ወይ ብዬ ነበር። አንድ ሰው የጀሪካኖቹን ይዘት ቀይሮ ቢሆንስ? በመመርመሪያ ወረቀት አየሁት። ክሎሪን የሚለው ክሎሪን ነው፤ አሲድ የሚለውም አሲድ። ማንም ይዘት አልቀየረም። እንግዲያው ሟቹ ‹አሲድ› ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን አንሥቶ ክሎሪን ውስጥ ጨመረ። ለምን?»

«ተሳሳተ፣» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብሎ።

«አላየውም። እርስዎ ቅዳሜ ያዩትን ክዳን እሱ አላየውም። ነገር ፈልጎ አይደለም፤ ውሃው በእውነት ደፍርሶ ነው የታየው። የደፈረሰው ዓይኑ ነበር። የታንከሩን ልክ የሚያውቀው በሲባጎው ቋጠሮ ነው፤ እየዳበሰ። የውሃ ምርመራው መዝገብ ላይ ከሰባት ወር ወዲህ ያለው ጽሑፍና ቁጥር የሱ እጅ አይደለም፤ ፊርማው ብቻ ነው የሱ። ነፍስ አዳኙንም ‹ተኛ› ያለው በደግነት አይደለም። ሲዳብስ እንዳያየው ነው።»

ነፍስ አዳኙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጅቱ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። «አባቴን ዕውር ነው እያሉ ነው? ለዚህ ነው የጠራሁዎት?»

«ቆይ። ዓይኑ እንደዚያ ሆኖ ሰባት ወር አልተሳሳተም። በምን ለየ? በማሽተት አይደለም፤ አፍንጫው ሞቷል። በቦታ ነው። ክሎሪን በግድግዳው በኩል፣ አሲድ በበሩ በኩል። ሃያ ሁለት ዓመት። በበሩ በኩል ያለው ሲሚንቶ በአሲድ ጠብታ ተበልቶ ሻክሯል። በግድግዳው በኩል ያለው ልሙጥ ነው። ዛሬ ግን አሲዱ ልሙጡ ላይ ተቀምጧል። ጀሪካኖቹ ቦታ ተለዋውጠዋል።»

«ስለዚህ ሰው ነው ያለዋወጣቸው፣» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ውስጥ ድል የመሰለ ነገር ነበር። «ብያለሁ እኮ! ማን?»

መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ሊገድል የፈለገ ሰው ቦታ ያለዋውጣል፤ ስም ግን አይጽፍም። ይኼ ሰው ጽፏል። በመዳፍ ልክ፣ በቀይ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲያነበው። ስለዚህ የዓይኑን ነገር የሚያውቅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አያውቁም፤ ቢያውቁ ስለ ክዳኑ ባልተከራከሩ። ፊሽካ ስለ አፍንጫው እንጂ ስለ ዓይኑ አታውቅም። ነፍስ አዳኙ ደግነት መስሎታል። የብልቃጡን ቀለም በየጠዋቱ የምታይለት አንዲት ሰው ናት። የመዋኛ ሰዓቶቹን ሰሌዳ የጻፈችውም እሷው ናት። ‹ክ›ን ስትጽፍ የፊደሉን እግር ታስረዝመዋለች። ጀሪካኑም ላይ፣ መዝገቡም ላይ እንደዚያው ነው።»



«እሑድ ከሰዓት ነው፣» አለች ልጅቱ። ድሉ ከድምፅዋ ወጥቷል። «ተዘግቶ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ ወሰድኩ። ውስጥ ብርሃን ስለሌለ ወደ ደጅ አውጥቼ፣ ያለባቸውን ደቃቅ ጽሑፍ እያየሁ በትልቁ ጻፍኩባቸው። ሲደርቁ መለስኳቸው። የትኛው የት እንደነበር... ግድ አልሰጠኝም። ተጽፎባቸዋላ! ማንም ያነበዋል። እሱም ያነበዋል ብዬ ነው። ለዚህ እኮ ነው አይሳሳትም ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ወንጀል የለም ማለት ነው? ገንዳውን መቼ መክፈት እንችላለን?»

ፊሽካ ዞር ብላ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«የተቃጠለው ሞተር አለ፣» አለች መርማሪዋ፤ «ቀድሞ የተፈረመ መዝገብ አለ፤ ራሱን የሚዘጋ በር አለ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ። እርስዎ ማስጠንቀቂያ ይደርስዎታል። ነፍስ አዳኙ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ከዚያ በላይ የሚሆን ነገር የለም። ይኼን ሥራ ስሠራ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የት እንደሚቆም አውቀዋለሁ።»

«እኔስ?» አለች ልጅቱ። «እኔ ላይ ምን ይጻፋል?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«በሕግ የሚያስጠይቅሽ ነገር የለም።»

«ጻፉብኝ! ስም ፈልጊልኝ ብዬ አይደል ያመጣሁሽ? አገኘሽ። ጻፊው እንጂ!» አንቱታው ከአፏ ጠፍቶ ነበር፤ ማንም አልገሠጻትም። ፊሽካ ትከሻዋን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ ሸሸች።

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«መጻፍሽን ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም።» ልጅቱ አረንጓዴውን ውሃ እያየች ነበር። «ሰባት ወር ሙሉ ‹ዛሬም መነጽሬን ረሳሁት› እያለ ብልቃጡን ያቀብለኛል። እኔም ‹ምን ችግር አለው አባዬ› እላለሁ። መነጽር የለውም። የለውም! እንደማውቅ ያውቃል። እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ተሳስቀን እንለያያለን። ጽፌልሃለሁ ካልኩት አይታይህም ማለቴ ነው። እንዳያፍር ብዬ ነው።»

ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ብነግረው ኖሮስ?»

ሦስቱም መርማሪዋን አዩ። የሚባለው ነገር ይታወቃል፤ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ያው ይሆን ነበር፣ ራስሽን አትጉጂ። ሦስቱም እንድትለው ፈለጉ። ሥራ አስኪያጁ እንኳን።

«ጎንበስ ብሎ ያነበው ነበር፣» አለች መርማሪዋ።