ለኮሌስትሮል የተሰጠው ኪኒን

ነርሷ ብዕሯን ካርዱ ላይ እንዳስደገፈች ቀና አለች። እኛ ከምንሰጣት ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ምንም የለም ልጄ» አሉ የቾልዌ አያት ቀድመው።

ቾልዌ የአያቷን ፊት ማየት አልቻለችም። እናቷ ሙቲንታ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ለጡት ካንሰሯ ስድስተኛውን ኬሞ ልትወስድ ከሞንዜ ከተማ ወደ ዋና ከተማዋ ሉሳካ በአውቶቡስ ነው የመጣችው፤ የወረደችው ግን በሰው ሸክም ነው። «እግሬን ለማን አበደራችሁብኝ?» ብላ ልታስቃቸው ሞክራ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጭኗ ገና ሲነካ ያስጮኻታል፤ ሽንቷም ከትናንት ጀምሮ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል። ይህንን ለነርሷ የነገራት የለም።

ነገሩን ያመጣችው ቾልዌ ናት። ለኮሌስትሮል የሚታዘዝ ተራ ኪኒን የካንሰር ሕክምናን ሊያግዝ እንደሚችል ስልኳ ላይ አግኝታ ለአያቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አያቷ ያንኑ ኪኒን በየወሩ ከጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። እኔ አሮጊቷ ልጄን የሚያድናትን ነገር እየዋጥኩ ልቀመጥ ወይ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ሁለት እየፈጩ፣ ሙቲንታ በምትወደው የበቆሎ መጠጥ፣ በቺብዋንቱ፣ አማስለው ያቀርቡላታል። ኪኒን ሰለቸኝ ስላለች አልነገሯትም።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነገሩ ገና በሙከራ ላይ እንደሆነ፣ ያለ ሐኪምም መወሰድ እንደሌለበት ይናገር ነበር። ቾልዌ እሱን ዘለለችው። አያቷ ሲነበብላቸው ፊታቸው በርቶ ነበር፤ እናቷ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

አያቷ ክንዷን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጧት። ከተናገርሽ ኬሞውን ያቋርጡባታል፣ አክስቶችሽም ልጇን የገደለች ይሉኛል አሉ።

«እማማ፣ ኪኒኑ ጡንቻዋንና ኩላሊቷን ጎድቶ ቢሆንስ?»

«ዝም በይ፣ በፈጠረሽ። ኬሞው ከቀረባት በምን ትድንልኛለች?»

ቾልዌ እውነትም ሊያቋርጡባት እንደሚችሉ ታውቃለች። በመስታወቱ በኩል ነርሷ የኬሞውን ከረጢት ስትሰቅል ታየቻት። የአያቷን ጣቶች ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ከክንዷ አላቀቀች። ገብታም ነርሷ ፊት ቆመች።

«ሲስተር፣ ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች፤ የአያቴን የኮሌስትሮል ኪኒን፣ ሳታውቅ» አለች። «ከጀመርን አስራ ዘጠኝ ቀናችን ነው። ለአያቴ አንብቤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሙቲንታ ዓይኗን ገለጠች።