በባቡር ሰፈር የሞተው ሞዴለር

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ገመዱ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ቁመቱ ከአንድ ፓኬት ብስኩት አይበልጥም። ጊታር ሲሰካበት የትልልቅ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ የሚያስመስል፣ በኢርፎን የሚያስለማምድና ዘፈን የሚቀዳ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሞዴለር ይሉታል። ባለቤቱ እንድሪያስ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ለምሳ መጥቶ ሲሰካው መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ፤ የተቃጠለ ሽታ ሸተተ፤ በቃ።

«ገደሉብኝ!» ብሎ ጮኸ።

እንድሪያስ ይህን ሳጥን ለመምረጥ የፈጀበት ጊዜ ሚስቱን ለመምረጥ ከፈጀበት ይበልጣል። አንዱ ድምፁ ያምራል፣ ዋጋው አይቀመስም። ሌላው ርካሽ ነው፣ አይቀዳም። ሦስተኛው ሁሉን ያደርጋል፣ ግን ያለ ኢንተርኔት አይነሳም። በመጨረሻ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ናስር አንድ ያገለገለ አገኘለት። ሰመራ ሆቴል ውስጥ የምትዘፍነው ትርንጎ ጊታር ተጫዋች ትፈልጋለች፤ እንድሪያስ ዛሬ አንድ ዘፈን ቀድቶ ካልላከ ሥራው የጎረቤቱ የዋሲሁን ነው።

ጩኸቱን ሰምተው እትዬ እታፈራሁ ከአጥር ማዶ መጡ። ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው፤ ጡረታው ግን ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም።

«ሬሳው የታለ?»

«ይኸው እትዬ።»

ሳጥኑን አዩት፤ እሱንም አዩት። «ሰው መስሎኝ እኮ በባዶ እግሬ ነው የሮጥኩት!»

«ለእኔ ከሰው አይተናነስም!»

«ከእኔማ ይበልጣል» አለች ሚስቱ ሉሊት በሩን ተደግፋ። የገዋኔ ሾፌር ልጅ ናት፤ ምላሷ ቶሎ ይደርሳል፤ ዛሬ ግን ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

እትዬ እታፈራሁ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በል ንገረኝ። ስትገባ መብራት ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ውሎ ልክ ስገባ መጣ። ማራገቢያ የለ፣ ምን የለ፣ ቤቱ ምድጃ ሆኖ ነበር። ሳጥኑን ሳነሳው ግን ቀዝቀዝ ብሏል፤ ተመስገን፣ ዛሬስ አልጋለም ብዬ ሰካሁት።»

«ሳታየው?»

«ምኑን ልየው? መብራቱ ተመልሶ ሳይሄድ ልቅዳ ብዬ ነዋ!»

በዚህ መሃል ናስር መኪናውን በራፍ ላይ አቁሞ ገባ፤ እንድሪያስም ተነሳበት።

«ጠንቀኛ ዕቃ ነው ያመጣህልኝ!»

«ወላሂ፣ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የመጣሁት! ልጄን እንኳ እንዲህ አቅፌ አላውቅም።»

«ትናንት ማታ ሠርቷል?» አሉ እትዬ እታፈራሁ።

«ሠርቷል» አለ እንድሪያስ በግዱ።

«እንግዲያው ሾፌሩን ተወው።»

ዋሲሁን ዓይኑን እያሸ መጣ። የሌሊት ዘብ ነው፤ ቀን ቀን ይተኛል። «እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ዘፈኔን በሞባይሌ ቀድቼ ትናንት ልኬያለሁ። የሱ ሳጥን ቢሞት ምን አገኛለሁ?»

«ሰመራን!» አለ እንድሪያስ።

«የጊታር ፔዳልህን አምጣ» አሉት እትዬ እታፈራሁ። አመጣ። በሟቹ ቻርጀር ሲሰካ ፔዳሉ ወዲያው በራ። ዋሲሁን ፈገግ ሲል እንድሪያስ ጥርሱን ነከሰ። የሱ ሞቶ የጎረቤት ዕቃ በራሱ ቻርጀር ሲበራ ማየት!

እትዬ እታፈራሁ መነጽራቸውን አድርገው ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ከቁልፎቹ ሥር አንዲት ቡናማ ፈትል ነቀሉ፤ ጀርባውን ዳበሱ። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃ አጠጪኝ» አሏት ሉሊትን። አንዴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ሁላችሁም ተቀመጡ። ቻርጀሩ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ በመብራቱ አናመካኝ። ሳጥኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። የእኛ ውሃ ሲደርቅ ምን ይተዋል?»

«ጨው ነዋ» አለ ናስር።

«ተደፍቶበት ቢሆን ጨው ውሃው በወረደበት መስመር ይቀር ነበር። ይሄ ግን ዙሪያውን እንደ ሽመና ነው የተደረደረው። ፈትሏም የጆንያ ናት። ጆንያ አርጥቦ ዕቃ የሚጠቀልል ማን ነው?»

«እኛ ሾፌሮች፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከመኪናው ጎን እናንጠለጥላለን፣ ንፋሱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል።» ወዲያው ደነገጠ። «ግን እኔ አይደለሁም!»

«አንተማ አሁን መምጣትህ ነው። የዚህ ቤት ጀሪካን ግን ዛሬ ራቁቱን ቆሟል፤ ውሃውም ሻይ ሊፈላበት ነው። የሾፌር ልጅ ለእንግዳ ሙቅ ውሃ የምትሰጠው ጆንያዋ ሌላ ሥራ ላይ ሲውልባት ነው።»

ሉሊት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ማታ ‹ይሄ ነገር በሙቀት ሊሞትብኝ ነው› እያለ አልተኛም። አባቴ ውሃውን ከሙቀት የሚያድነው በእርጥብ ጆንያ ነው፤ እኔም ጠዋት ሳጥኑን ጠቀለልኩት። ሲገባ ድምፁን ስሰማ ጆንያውን አነሳሁ፤ ልነግረው ስል ሰካው። ‹ገደሉብኝ› ሲል ደግሞ ፈራሁ።»

እንድሪያስ ብድግ አለ። «አያችሁ! ሚስቴ ናት…»

«ተቀመጥ! ገዳዩን ገና አልጠራሁም። እርጥብ ዕቃ በዚህ ንፋስ መስኮት ላይ ቢውል ይደርቅ ነበር። የገደለው ሳያይ የሰካው ነው። ምድጃ በሆነ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀዘቀዘ ዕቃ አግኝተህ፣ ለምን ብለህ ጠየቅህ?»

እንድሪያስ መልሶ ተቀመጠ። ስልኩ ጠራ። ትርንጎ ናት፤ ድምፅዋ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ዘፈኑስ?»

«ሳጥኑ ተቃጥሎ ነው።»

«ማን አቃጠለው?»

ሉሊት እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ሁሉም እሱን ያያሉ።

«እኔ» አለ።

«አይ አንተ! የዋሲሁንም ቢሆን ከቆርቆሮ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ነገ ሁለታችሁም ኑና በጆሮዬ ልስማ። እዚህ አምፕሊፋየር ሞልቷል።»

እንድሪያስ ጭንቅላቱን ያዘ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያማርጥ ከርሞ!

«ነገ በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ነኝ» አለ ናስር፣ «ጋቢናው ሁለት ሰው ይይዛል።»

ዋሲሁን ቀድሞ እጁን አወጣ።

«አንተ በአውቶቡስ» አለው እንድሪያስ። «ሁለተኛው ቦታ የሉሊት ነው።»

ሉሊት ቀና አለች። «መንገዱን ሙሉ ሳታናግረኝ ከሄድክ አዳይቱ ላይ እወርዳለሁ።»

«አናግርሻለሁ።»

«ከአሁን ጀምር።»

እትዬ እታፈራሁ ዋሲሁንን በክንዱ ይዘው ወጡ። ናስርም ተከተላቸው።

እንድሪያስ «ይቅርታ» ሲል የሰማችው ሉሊት ብቻ ነበረች።